ሣር ሁሉ ሣር አይደለም፦ ስለ ሃዋዩ ካዌሉ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አንድ የሃዋይ ሣር የሚያወራ ጽሑፍ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ሣር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኝ፣ ሁለተኛ ደግሞ ደስታዬ የቱ ላይ እንደጠፋ ለማወቅ። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ የአሜሪካ መንግሥት በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል፣ ላይሳን በምትባል ነዋሪ በሌላት ደሴት ላይ ባለሙያዎች አስፍሮ ለዓመታት አረም ሲያስነቅል ኖሯል፤ አንዱን ሣር አጥፍቶ ሌላውን ሣር ለማዳን። ጸሐፊው በዚህ ተገርመው አምስት ነጥቦች አቅርበዋል። ሣር ሁሉ ሣር ነው። ሣሩ የመጥፋት አደጋ ባንዣበበባቸው ዕፅዋት መዝገብ ውስጥ እንኳ የለም። ገንዘቡ መዋል የነበረበት ለወፎቹና ለእንስሳቱ ነው። ብርቱው ሣር ደካማውን ቢተካ መሬቱ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ጉዳት የለውም። በመጨረሻም ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምናችንም አይደለም።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ቅን ሰው መሆናቸው ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የደሃ አገር ልጅ ገንዘብ ሲባክን ሲያይ የሚሰማውን ነው የጻፉት፤ ያ ስሜት እኔም ዘንድ አለ። የምቃወማቸው ስሜታቸውን ሳይሆን የቆሙበትን መሠረት ነው። እንደ አቀራረባቸው ነጥብ በነጥብ እሄዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ሣሩን ላስተዋውቅ፤ ጽሑፉ ስሙን እንኳ በቅጡ አልጠራውምና። የሃዋይ ሰዎች ካዌሉ ይሉታል፣ ኤሞሎዋም ይሉታል። የሳይንስ ስሙ ኤራግሮስቲስ ቫሪያቢሊስ ነው። ከሃዋይ ደሴቶች በቀር በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚበቅልበት ቦታ የለም። እንደ መንዝ ጓሳ ጉብ ጉብ ብሎ ይበቅላል፤ መሬቱን እንደ ምንጣፍ አይሸፍንም፣ በጉብና በጉብ መካከል መተላለፊያ ይተዋል። በባሕር ዳር አሸዋ ላይም፣ ንፋስ በሚገርፈው ገደል አፋፍ ላይም ይኖራል፤ ቫሪያቢሊስ፣ ማለትም ተለዋዋጩ፣ የተባለውም እንደየቦታው መልኩን ስለሚቀያይር ነው። በኦዋሁ ደሴት ኑዋኑ በሚባለው ገደል ላይ በንፋስ ሲወዛወዝ ማየት ለሃዋይ ባለቅኔዎች የተለመደ ምስል ነው። ጎጆም ከድነውበታል።

“ሣር ሁሉ ሣር ነው”

ያደግሁት ጤፍ በሚዘራበት አገር ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አረም ላይ አሰለፈኝ። ጎንበስ ብዬ በትጋት ስነቅል አርፍጄ ቀና ስል፣ ከኋላዬ ያለው መስመር ከወንድሞቼ መስመር ይልቅ ራቁቱን ቀርቷል። ጤፉን ነቅዬ አረሙን ትቻለሁ። አባቴ ይገርፈኛል ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ሁለት ሣሮች ነቅሎ በሁለት መዳፎቼ ላይ አስቀመጠልኝ። ለእኔ አንድ ናቸው። ቅጠላቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ። “ይኸኛው እንጀራችን ነው” አለኝ፤ “ይኸኛው ዘመዱ ነው፤ ዘመድ ግን ራሱ አይደለም።”

ያን ቀን በመዳፌ ላይ የነበረው አረም ምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከጤፍ የዱር ዘመዶች አንዱ ነበር። ጤፍ የሳይንስ ስሙ ኤራግሮስቲስ ቴፍ ነው፤ የዱር አባቱ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚታመነው ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ ከጤፍ ጋር ጎን ለጎን ሲቆም የሠለጠነ ዓይን ካልሆነ አይለየውም። ዋናው ልዩነታቸው ዘሩ ሲደርስ የሚሆነው ነው። የዱሩ ሣር ዘሩን በትኖ ለመሬት ይሰጣል፤ ጤፍ ግን እስኪወቃ ድረስ ይዞት ይቆያል። በዚህች በዓይን በማትታይ ልዩነት ላይ ነው የአንድ አገር ሕዝብ ማዕድ የተዘረጋው። ስለዚህ “ሣር ሁሉ ሣር ነው” የሚለውን ቃል ከሌላ አገር ሰው ብሰማው አልፈው ነበር። ከእንጀራ በላ አፍ ሲወጣ ግን ያመኛል።

አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ፣ የካዌሉም የመጀመሪያ ስም ኤራግሮስቲስ ነው። አዎን፣ ጸሐፊው ያጣጣሉት የሃዋይ ሣር የጤፍ የሥጋ ዘመድ ነው። ከ350 የሚበልጡ ዝርያዎች ባሉት በዚህ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ እንጀራ ሆነ፣ ሌላው በፓስፊክ መካከል የወፍ ቤት ሆነ። ስለ ወፎቹ ወደ ታች እመለሳለሁ።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ስር “ሣር መቼም አይጠፋም፣ ቢቃጠልም ቢታጨድም ይመለሳል” ብለዋል። በየሜዳው ለምናየው ለሰርዶ እውነት ነው። ለደሴት ሣር ግን አይሠራም። በአትላንቲክ ውቅያኖስ አሴንሽን በምትባል ደሴት ላይ ብቻ የሚበቅል ስፖሮቦለስ ዱረስ የሚባል ሣር ነበር፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያየው ሰው የለም፣ ጠፍቷል። በሃዋይም በዚያው በጤፍ ቤተሰብ ውስጥ ኤራግሮስቲስ ፎስበርጂ የሚባል አለ፤ በኦዋሁ ደሴት ዋይአናይ ተራሮች ላይ ብቻ የሚገኝ። በ1996 የአሜሪካ መንግሥት አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ሲያሰፍረው የሚታወቁት ተክሎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የደሴት ሣር ከጎረቤት ወረዳ በንፋስ ዘር አይመጣለትም። ጎረቤቱ ባሕር ነው።

“መዝገቡ ውስጥ እንኳ የለም”

ይህ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑንም ሳላቅማማ እቀበላለሁ። በ1973 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ሃዋይ ውስጥ ከ400 በላይ ዕፅዋት ተመዝግበው ጥበቃ ይደረግላቸዋል። ካዌሉ ከእነርሱ አንዱ አይደለም። ከትልልቆቹ ደሴቶች እስከ ሰሜን ምዕራቦቹ ትንንሽ ደሴቶች ድረስ ስለሚገኝ ስሙ ከምድር ላይ ሊጠፋ ነው የሚል ሥጋት የለም።

ነገር ግን መዝገቡ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ዝርያ ጨርሶ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም? ሣሩ በዚህች ደሴት ላይ አለ ወይ፣ ከሌለ ማን ይሞታል የሚለውን አይጠይቅም። በአንድ ቀበሌ ያሉ ቤቶች በሙሉ ቢቃጠሉ “በአገሪቱ ቤት ሞልቷል” ብሎ የሚያጽናና ሰው ምን እንደሚባል ጸሐፊው ያውቃሉ። ላይሳን በምትባለው ደሴት ላይ ያለው ካዌሉ ቢጠፋ በካዋይ ደሴት ገደል ላይ ያለው ካዌሉ ለላይሳን ወፎች ምን ይረባቸዋል? በመካከሉ ያለው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ ባሕር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ካዌሉ በትልልቆቹ ደሴቶች ላይ ለምን ገደል ገደሉን እንደያዘ ጸሐፊው አስበውበት ይሆን? ገደል ፍየል አይደርስበትም። የእንግሊዙ መርከበኛ ካፒቴን ኩክ በ1778 ፍየል ካወረደ ወዲህ በእነዚያ ደሴቶች ላይ ብዙ ተክል ወደ ገደል የተሰደደ ነው። ከመዝገብ ውጭ ሆኖ መኖር በደኅና መኖር ማለት አይደለም። ደግሞም መዝገብ እስኪገቡ መጠበቅ እጅግ ውዱ መንገድ ነው፤ ገንዘብ ለሚያሳስበው ሰው ይህ ሊሰማው ይገባ ነበር። ሜዳ ሙሉ ሣር እያለ መጠበቅ ይቀላል፤ ከፎስበርጂ ጥቂት ጉብ ላይ ተነሥቶ ሜዳ መሙላት ግን ከዘር ለቀማ እስከ አጥርና ችግኝ ጣቢያ ድረስ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

“ገንዘቡ ለእንስሳቱ ይዋል”

እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ነው። ጸሐፊው “የላይሳን ወፎች የጠፉት በአዳኞች ነው፤ እንግዲያስ ወፎቹን ከአዳኝ መጠበቅ እንጂ ሣር ማረም ምን ያደርጋል?” ብለዋል። ታሪኩ እንዲህ አይደለም።

ላይሳን ከሆኖሉሉ ወደ ሰሜን ምዕራብ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ስፋቷ አራት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ መካከሏ ላይ ጨዋማ ሐይቅ ያለባት አሸዋማ ደሴት ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለማዳበሪያ የሚሆን የወፍ ኩስ ሊቆፍሩ ሰዎች ሰፈሩባት። ከእነርሱ የሥራው ኃላፊ የነበረው ማክስ ሽሌመር በ1903 ገደማ ጥንቸል አመጣ፤ አርብቶ ሥጋውን ሊሸጥ ነበር። ንግዱ አልሆነም፤ ጥንቸሎቹ ግን ተዋለዱ፣ ተባዙ።

አዳኞች መጥተው ነበር፣ ይህም እውነት ነው። በ1909 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴቶቹን የወፍ መጠለያ ብለው ካወጁ ጥቂት ወራት በኋላ ለባርኔጣ ጌጥ የሚሆን ላባ የሚሰበስቡ ሰዎች ላይሳን ላይ ከ200,000 በላይ ወፎች ፈጁ። ዘግናኝ ነገር ነው። የተፈጁት በብዛት አልባትሮስና ሌሎች የባሕር ወፎች ነበሩ። ዛሬ አልባትሮሶቹ የት አሉ? ላይሳን ላይ አሉ። ቁጥራቸው ተመልሷል፤ ምግባቸውን ከባሕር ስለሚያመጡ፣ እንቁላላቸውን በመሬት ላይ ስለሚጥሉ፣ ግድያው ሲቆም መዋለዳቸውን ቀጠሉ።

ያልተመለሱት አዳኝ ያልነካቸው ናቸው። ጥንቸሎቹ ሣሩን በሉ፣ ቁጥቋጦውን በሉ፣ የሰንደል ዛፉን ችግኝ በሉ። በ1912 እና በ1913 ሰዎች ሄደው ከ5,000 በላይ ጥንቸል ገደሉ፤ ጥይት አለቀባቸውና ተመለሱ፤ የተረፉት እንደገና ተባዙ። በ1923 የፀደይ ወራት በአሌክሳንደር ዌትሞር የተመራው የምርምር ቡድን ታናጀር በምትባል መርከብ ሲደርስ ከሃያ በላይ ከነበሩት የዕፅዋት ዓይነቶች ቆመው ያገኛቸው አራት ያህል ብቻ ነበሩ። ቀሪው ራቁት አሸዋ ነው።

በዚያ አሸዋ መካከል የላይሳን አፓፓኔ የምትባለው ቀይ ወፍ ሦስት ብቻ ቀርታ ነበር። ሦስት። የቡድኑ ፎቶግራፍ አንሺ ዶናልድ ዲኪ አንዱን እየዘመረ በፊልም ቀረጸው። ከዚያ ለቀናት የቆየ የአሸዋ ማዕበል ተነሣ። አሸዋውን የሚይዝ ሥር የለም፣ ወፍ የሚጠጋበት የሣር ጉብ የለም። ማዕበሉ ሲያልፍ ወፎቹ አልነበሩም፤ ከዚያ በኋላም በምድር ላይ አልታዩም። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ ወፏ አይደለችም፤ ባዶው አሸዋ ነው። አንድ መቶ እርምጃ የሚያህል ካዌሉ ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

በዚያው ጥፋት ነፍሳት እየለቀመች በሣር ውስጥ ትኖር የነበረችው የላይሳን ሚለርበርድም ጠፋች። ሦስተኛዋ፣ መብረር የማትችለው የላይሳን ትንሽ ወፍ፣ ከጥፋቱ በፊት ወደ ሚድዌይ ደሴት ተወስዳ ስለነበር እዚያ ጥቂት ቆየች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1943 አይጥ ሚድዌይ ሲገባ እርሷም አለቀች፤ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1944 ነው። የላይሳን ዳክዬ ደግሞ በአንድ ወቅት ወደ አሥር ገደማ ብቻ ወርዳ ነበር።

እንግዲህ ጸሐፊው ይፍረዱ። የታደኑት ተመለሱ፤ ሣራቸውን የተነጠቁት ቀሩ። ወፉን ከሣሩ ለይቶ ገንዘብ መመደብ የሚቻል ከሆነ ልጅን ከቤቱ አውጥቶ ለልጁ ብቻ በጀት መመደብም ይቻላል ማለት ነው።

ጥንቸሎቹ ከጠፉ በኋላ ካዌሉ ተመለሰ። ዛሬ የላይሳን ዋና ልብስ እርሱ ነው። የላይሳን ፊንች የምትባለው፣ ከዚህች ደሴት የበቀለች ወፍ፣ ጎጆዋን የምትሠራው በብዛት በካዌሉ ጉብ ውስጥ ነው። ዳክዬዋም እንቁላሏን ከሥሩ ትሸሽጋለች። በ2004 እና በ2005 42 የላይሳን ዳክዬዎች ወደ ሚድዌይ ሲወሰዱ ከዝግጅቶቹ አንዱ እዚያ ካዌሉ መትከል ነበር። ሚድዌይ ከመቶ ዓመት በፊት የቴሌግራፍ ኩባንያ በተከለው፣ እኛ ሸውሸዌ ብለን በምንጠራው ዛፍና በሌላ መጤ አረም የተወረረ ስለሆነ ሣሩ በሰው እጅ ጉብ በጉብ ነው የተመለሰው። በ2011 24፣ በ2012 ደግሞ 26 ሚለርበርዶች ኒሆዋ ከምትባል ቋጥኝ ደሴት ተነሥተው በመርከብ ወደ ላይሳን ተጓዙ፤ የጠፋችው የላይሳን ሚለርበርድ የቅርብ እኅት ናቸው። በሣሩና በቁጥቋጦው ውስጥ ጎጆ ሠርተው ወለዱ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከመቶ አለፈ። ወፎቹ ለዘጠና ዓመት ያህል ጠፍተው ከነበሩበት ቦታ እንደገና የሚሰማው ድምፅ የተገዛው በሣር ነው። ለእንስሳት ያልዋለው ገንዘብ የትኛው ነው?

“አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ”

ጸሐፊው የጠቀሱት አረም ነቀላ በእርግጥ ተደርጓል። ሴንክረስ ኤኪናተስ የሚባል መጤ ሣር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይሳን ላይ ታየ። ዘሩ እሾህ ነው፤ እንደ ጨጎጎት ልብስ ላይም ላባ ላይም ይጣበቃል። በ1991 ደሴቲቱ ላይ ዕፅዋት ካለበት መሬት 30 በመቶ የሚሆነውን ይዞ፣ ይህንንም የያዘው ካዌሉን እየነቀለ ነበር። አመታዊ ሣር ነው፤ በቅሎ ይደርቃል፣ ጎጆ የሚሸሽግ ጉብ አይሠራም። ከሩቅ ላየው ሰው ሜዳው አረንጓዴ ነው። ለፊንቿ ግን በር የሌለው ቤት ነው። ከ1991 ጀምሮ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በድንኳን እየተፈራረቁ በእጅና በመድኃኒት ነቀሉት፤ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ተሳካላቸው።

“የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ብርቱው ያሸንፍ” የሚለውን አነጋገር እኛ ልንለው የምንችል አይመስለኝም። ጣናን የወረረው እምቦጭ ብርቱ አልነበረም? አረንጓዴ አልነበረም? በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ዓሣ አስጋሪው ታንኳው ተይዛበት ሲለምን “አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ምን ቸገረህ” ያለው ሰው አልነበረም። እምቦጭ ጣና ላይ በሕግ አልገባም፤ ከደቡብ አሜሪካ በሰው እጅ ነው ዓለምን የዞረው። ሴንክረስም እንዲሁ። ሰው አምጥቶ ጥሎት ሲያበቃ “ተፈጥሮ ትፍረድ” ማለት ጥንቸሉን አምጥቶ ዳኝነቱን ለጥንቸሉ መተው ነው።

በነገራችን ላይ በሃዋይ ትልልቅ ደሴቶች ላይ ካዌሉን ከሚያስጨንቁት መጤ ሣሮች ብዙዎቹ ከእኛው አህጉር የሄዱ ናቸው። ለከብት መኖ ተብሎ የተወሰደው ጊኒ ሣር፣ ቡፈል የሚባለው የቆላ ሣር፣ በእኛ ደጋ ጭምር የሚበቅለው ኪኩዩ ሣር። ዛሬ ከሃዋይ መሬት አራተኛው ያህል በመጤ ሣርና ቁጥቋጦ የተያዘ ነው። እነዚህ ሣሮች ከአንበሳና ከጎሽ፣ ከየዓመቱ ቃጠሎ ጋር አብረው ያደጉ ስለሆኑ ይቃጠላሉ፣ ከሥራቸው ይበቅላሉ፣ እንደገና ይቃጠላሉ። የአገሬው ተክል ግን ይህን አልለመደም። በነሐሴ 2023 የማዊ ደሴቷ ላሃይና ከተማ ስትቃጠል 102 ሰዎች ሞቱ። እሳቱን የለኮሰው ሣሩ አይደለም፣ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ብርቱ ንፋስም ነበር። ከመስመሩ እስከ ከተማው ድረስ ተሰልፎ የጠበቀው ማገዶ ግን የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሲተው ቦታውን የያዘው ደረቅ መጤ ሣር ነበር። ዝናብ ባለበት ወራት ያ ሁሉ ኮረብታ አረንጓዴ ነበር።

ላይሳን ስለሚደረገው ጥንቃቄ ጽሑፉ “ልብስ ሳይቀር ይመረምራሉ” ብሎ እንደ ቅንጦት አንሥቶታል። ከዚያም በላይ ነው። ወደ ደሴቲቱ የሚወርድ ሰው ለዚያች ደሴት ብቻ የተገዛ አዲስ ልብስና ጫማ ይዞ ይሄዳል፤ ዕቃውም ከመውረዱ በፊት ለ48 ሰዓት በረዶ ቤት ይቆያል፤ የተሸሸገ ዘርና ነፍሳት እንዲሞት። አሥር ዓመት የፈጀውን ነቀላ ያስከተለው ምናልባት በአንድ ሰው ካልሲ የገባ አንድ እሾህ ሊሆን ይችላል። ከአሥር ዓመት ነቀላ የ48 ሰዓት በረዶ ይረክሳል።

“ለእኛ ምናችን ነው?”

ካዌሉ አንድ ቀን ጤፍን ያሻሽላል ብዬ አልከራከርም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ለመስጠት የሚያበቃ ነገር በእጄ የለም። የሣሩ መኖር ለእኛ ጥቅም በማስገኘቱ ላይ እንዲንጠለጠልም አልፈልግም። ለፊንቿ ይበቃታል።

ነገር ግን “ምናችን ነው” የሚለው ቃል ወደ ራሳችን ሣሮች ዞሮ ይመጣል ብዬ እፈራለሁ። በኢትዮጵያ የሚገኙ የጤፍ ቤተሰብ ዝርያዎች በአብዛኛው 54 ተብለው ይቆጠራሉ፤ ከእነዚህ 14ቱ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙ ናቸው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ተራሮቻችንን በበቅሎ ሲዞር አገራችንን ከዓለም የሰብል መፍለቂያ ቦታዎች አንዷ ያላት ይህን ዓይነት ብዝኃነት ስላየ ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ሲያደራጁ፣ በ1984ቱ ድርቅ ዘመንም ገበሬው ዘሩን እንዳይበላ ሲታገሉ፣ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው ለዚሁ ነው። በዘር ባንኩ ዛሬ ከ5,000 በላይ የጤፍ ናሙናዎች አሉ። ይህን ሁሉ የሰበሰቡት “ጤፍ ሁሉ ጤፍ ነው” ያላሉ ሰዎች ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ለዓመታት ይዞት ቆየ፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት እስኪሽረው ድረስ። እኛ “ተራ ሣር” ያልነው ነገር ዋጋ ሌላ ሰው ቀድሞ ሊያየው እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ይነግረናል?

ተራራም በራሱ ደሴት ነው። በጉና አናት ላይ ያለ ሣር ወደ ጮቄ አናት አይሻገርም፤ በመካከሉ ያለው የሞቀው ቆላ ለእርሱ ባሕር ነው። እርሻው በየዓመቱ ጥቂት እርምጃ ሽቅብ ሲወጣ ሣሩም ሽቅብ ይሸሻል፤ አናት ላይ ሲደርስ የሚሸሽበት የለም። መንዞች ይህን አውቀው ነው ጓሳቸውን ለዘመናት በወግ የጠበቁት፤ ለስንት ዓመት እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚታጨድ ተማክረው እየወሰኑ። እዚያ ጓሳ ውስጥ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳም አለ። ጓሳውን ያየ ሰው ላይሳን ምን እንደሆነች ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ “የሚቃወመኝ ካለ ሣር ከሣር ምን እንደሚለየው ያሳየኝ” ብለዋል። ግብዣውን ተቀብያለሁ። የአባቴ ማሳ አሁንም አለ፤ የሚያርሰው ወንድሜ ነው። ጤፉ በሐምሌ መጨረሻ ይዘራል፤ ነሐሴ ሲጋመስ አረሙ ይጀመራል። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ይምጡ፤ እኔም እገኛለሁ፤ ሁለቱን ሣሮች ነቅዬ በመዳፋቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ።